ሕመሙ ከቆዳ ሥር፣ መድኃኒቱ ከቆዳ ላይ

በገበያ ቀን ወደ መርሳ ከተማ ወርዶ የበርበሬ ተራን ሳያስነጥስ ያለፈ ሰው ይኖራል ብለን አንገምትም። ዛላው በጆንያና በሰሌን ላይ ተዘርግፎ ፀሐይ ሲመታው ጠረኑ ብቻውን ጉሮሮ ይከረክራል። ቀኑን ሙሉ በእጇ ስታገላብጥ የዋለችው ሻጭ ማታ ቤቷ ገብታ በውሃ ብትታጠብም፣ የጣቶቿ መለብለብ እስከ እኩለ ሌሊት አይለቃትም። ከዚያው ገበያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ባለ መድኃኒት ቤት ደግሞ ሌላ ድምፅ ይሰማል፦ «ልጄ፣ ኪኒኑ ሆዴን አቃጠለኝ፤ የሚቀባ ነገር የለህም ወይ?» ባለሙያው ከመደርደሪያው አንድ ቱቦ ያወርዳል፤ እናትም መርቀው ይሄዳሉ። ለአንዳንዱ ሕመም ቅባቱ ያሽላል፤ ለአንዳንዱ ግን ቱቦው እስኪያልቅ ቢቀባም ምንም ለውጥ አይታይም።

እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የበርበሬው መለብለብና የቅባቱ ማስታገስ ወይም አለማስታገስ፣ የአንድ ትምህርት ሁለት ገጾች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ከቆዳ ላይ የሚደረግ የሕመም ማስታገሻ እንዴት እንደሚሠራ፣ መቼስ እንደማይሠራ እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥነው እምብዛም የማያጋጥም አንድ በሽታ ነው። ምርጫችን ለአንዳንድ አንባቢያን እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ወባና የሳንባ ነቀርሳ እያሉ ስለ ብርቅ በሽታ ማውራት ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄም ሊነሣ ይችላል። መልሳችን አጭር ነው፤ የዚህ በሽታ መንስኤ እስካሁን ስላልታወቀ ሐኪሙ ሊታገለው የሚችለው ሕመሙን ብቻ ነው። ስለሆነም ስለ ሕመም ማስታገሻ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የደርከም በሽታ

እ.ኤ.አ. በ1888 የፊላዴልፊያው የነርቭ ሐኪም ፍራንሲስ ዘቪየር ደርከም በክንዷና በጀርባዋ ላይ ያበጠ፣ ሲነኩትም የሚያም የስብ ክምችት የነበራትን አንዲት ሴት ሁኔታ በጽሑፍ አሳወቀ። በ1892 ተመሳሳይ የሆኑ ሦስት ሕሙማንን በአንድነት አቅርቦ በሽታው ከተራ ውፍረት የተለየ መሆኑን አስረዳ፤ በላቲን «የሚያም ስብ» የሚል ትርጉም ያለው ስምም ሰጠው። ዛሬ በስፋት የሚታወቀው በራሱ በሐኪሙ ስም ነው። (ይኸው ሐኪም ኋላ በ1919 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መርጋት በታመሙ ጊዜ ከመረመሯቸው አንዱ ነበር።)

የበሽታው ዋና መለያ ሁለት ነው። አንደኛው የሰውነት ክብደት መጨመር፣ ሁለተኛው ደግሞ በስብ ህብረ ሕዋስ ውስጥ ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ ሕመም ነው። ስቡ በአንዳንዶች ዘንድ በሰፊው የተሰራጨ ሆኖ ሲታይ፣ በሌሎች ግን በጣት ሊዳሰሱ የሚችሉ ጉብታዎችን ይሠራል፤ በመገጣጠሚያ ዙሪያ ብቻ የሚወሰንበትም ጊዜ አለ። በብዛት የሚታየው በሴቶች ላይ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ35 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ድካም፣ የእንቅልፍ መረበሽ፣ በቀላሉ የቆዳ መበለዝ አብረውት ሊመጡ ይችላሉ። ሕመሙን ሴቶቹ እንደ ማቃጠል፣ እንደ መውጋት ወይም እንደ መጠዝጠዝ አድርገው ይገልጹታል፤ የልብስ ጫና፣ ሕፃን ማቀፍ፣ በአንድ ጎን መተኛት እንኳ ያባብሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከቆዳ ሥር የሚገኝ ለስላሳና ተንቀሳቃሽ የስብ ጉብታ ሁሉ የደርከም በሽታ አይደለም። ሊፖማ በመባል የሚታወቀው ተራ የስብ ጉብታ በጣም የተለመደ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕመም የለውም። ጉብታው የሚጠነክር፣ በፍጥነት የሚያድግ ወይም ከሥሩ ካለው አካል ጋር የተጣበቀ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ ሳይዘገዩ መመርመር ግድ ይላል። የደርከም በሽታ በደም ምርመራ ወይም በራጅ ተረጋግጦ አይታወቅም፤ ሐኪሙ የሚደርስበት ሌሎች በሽታዎችን አንድ በአንድ ካስወገደና ሕመምተኛዋን በጥሞና ካዳመጠ በኋላ ነው።

ችግሩም ያለው ከዚህ ላይ ነው። ማሽን የማያሳየው ሕመም በቀላሉ አይታመንም። ወፍራም ሴት አካሌን ሁሉ ያመኛል ስትል «ቀንሺ» የሚል ምክር ታገኛለች፤ ክብደት መቀነስ ለሌላው ጤንነቷ ቢበጅም ይህን ሕመም ግን ብዙ ጊዜ አያስለቅቀውም። በአገራችን ደግሞ ውፍረት የምቾት ምልክት ሆኖ በሚታይበት ቤት «ምን ጎደለባትና ነው የምታቃስተው» መባል አለ። በወሎ ለታመመ ሰው «አብሽሪ» ይባላል፤ መልካም ቃል ነው፣ ነገር ግን በሽታዋ ያልታመነላት ሴት ከዚያ በፊት የምትፈልገው ሌላ ቃል ያለ ይመስለናል።

ሕመም በነርቭ ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

በቆዳችንና ከሥሩ ባለው ስብ ውስጥ እጅግ ቀጫጭን የሆኑ የነርቭ ጫፎች ተሰራጭተዋል። አንድ ነርቭ በዕረፍት ላይ ሳለ ውስጡ ከውጩ አንጻር ሲለካ በ70 ሚሊቮልት ያህል አሉታዊ ነው። ጫፉ በሙቀት፣ በጫና ወይም በኬሚካል ሲነካ በነርቩ ሽፋን ላይ ያሉ የሶዲየም ቦዮች ይከፈታሉ፤ ሶዲየም አዮን ከውጭ ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ኤሌክትሪካዊው ልዩነት ይገለበጣል። ይህ ለውጥ ቀጣዩን ቦይ፣ ቀጣዩም ሌላውን እያስከፈተ መልእክቱ እስከ ኅብለ ሰረሰር፣ ከዚያም እስከ አንጎል ይደርሳል። «አመመኝ» የምንለው ያን ጊዜ ነው።

በጊራና ሸለቆ መስኖ ሲያጠጣ ያየ ተማሪ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ውሃው ከዋናው ቦይ ወደ ማሳው የሚደርሰው በየመስኩ አፍ ላይ ያለው አፈር ሲከፈት ብቻ ነው። አንዱ አፍ በጭቃ ከተደፈነ ከዚያ በታች ያለው ማሳ ይደርቃል። የሊዶኬይን ሥራ በነርቩ ላይ እንደዚያ ጭቃ ነው። በሶዲየም ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይወተፋል፤ ሶዲየም አይገባም፤ መልእክቱም ካለበት አያልፍም። ምሳሌው ግን በአንድ ነገር ይጎድላል። ሊዶኬይን አጥብቆ የሚይዘው በተደጋጋሚ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቦዮችን ነው። ስለዚህ በመጠነኛ ልክ ሲሰጥ ያለ ዕረፍት የሚጮኸውን የታመመ ነርቭ ከጤነኛው አስቀድሞ ያረጋጋል። ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሳይደነዝዝ ሕመሙ ሊቀንስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሊዶኬይን እንዴት እንደተገኘ ባጭሩ ብንናገር አንባቢን ያስደስታል ብለን እናምናለን። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በስቶክሆልም የኬሚስትሪ ሊቃውንት ግራሚን የተባለ በገብስ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲያጠኑ፣ ከእርሱ ጋር የሚዛመድ አንድ ሰው ሠራሽ ውሕድ ሲቀመስ ከንፈርንና ምላስን የሚያደነዝዝ ሆኖ አገኙት። በዚያው ፈለግ ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 ሊዶኬይንን አዘጋጀ፤ ባልደረባው ቤንግት ሉንድክቪስት ደግሞ በራሱ አካል ላይ ሞከረው። በ1948 ለገበያ ቀረበ። ዛሬ በአገራችን ጥርሱን የተነቀለ ወይም ቁስሉ የተሰፋለት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ መድኃኒት ጋር ተዋውቋል።

አንድ መድኃኒት፣ ሁለት መልክ

አንባቢ ይህን ጊዜ «ሊዶኬይን በየጤና ተቋሙ ካለ የሚያማትን ቦታ በእርሱ መቀባት ነው እንጂ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ያለው በዚህ ጥያቄ መልስ ውስጥ ነው።

የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ የሞቱ ሕዋሳት ክምር ሲሆን ውፍረቱ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ አንድ የደብተር ወረቀት ከዚህ አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይወፍራል። ሆኖም ይህ ስስ ንጣፍ ጠንካራ አጥር ነው። ሕዋሳቱ እንደ ድንጋይ ካብ ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ያለው ጭቃ ስብ ነው። ስለዚህ የሚያልፈው ሞለኪውል ትንሽ መሆን አለበት፤ በልምድ የሚጠቀሰው ወሰን 500 ዳልተን ነው። ከዚህም ሌላ በስብ ውስጥ መሟሟት አለበት። የሊዶኬይን ሞለኪውል 234 ዳልተን ስለሆነ በመጠኑ በኩል ችግር የለበትም። ችግሩ ከኤሌክትሪክ ሙላቱ ላይ ነው።

ሊዶኬይን ደካማ ቤዝ ነው። ፒኬኤው 7.9 ሲሆን፣ ይህም ማለት ፒኤች 7.9 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ከሞለኪውሎቹ ግማሹ ሙላት ያልያዘ፣ ግማሹ ፕሮቶን የተቀበለና ሙላት ያለው ነው ማለት ነው። ስብ የሚወድደው ሙላት ያልያዘውን ነው፤ ሙላት ያለው ውሃን እንጂ ስብን አይደፍርም። ፒኤች 7.4 በሆነው ጤነኛ አካል ውስጥ ሁለቱ ፒኤች በ0.5 ስለሚለያዩ፣ የሙላት የለሹ ለሙላት ያለው ንጽጽር አስር በነጌቲቭ 0.5 ሲነሣ፣ ማለትም 0.32 ለ1 ያህል ነው። ከመቶ ሲሰላ 24 ያህሉ ብቻ ሽፋኑን ለማለፍ ዝግጁ ነው። በመግል የተሞላ ቦታ ፒኤቹ ወደ 6.9 ቢወርድ ዝግጁ የሆነው ከመቶ ወደ 9 ያሽቆለቁላል። በመግል ያበጠ ድድ ላይ ማደንዘዣ ሲወጋ «አልያዘኝም» የሚሉ ሕሙማን የሚዋሹ አይደሉም፤ ሂሳቡ ራሱ ይመሰክርላቸዋል።

አሁን በሆስፒታሎቻችን የተለመደውን የሊዶኬይን ጄል እንውሰድ። ጄሉ በአብዛኛው የተሠራው ከሊዶኬይን ሃይድሮክሎራይድ ነው። ጨው በመሆኑ በውሃ ይሟሟል፣ ሙላትም አለው። የተሠራውም ለአፍ፣ ለሽንት መስመርና ለመሰል እርጥብ ሽፋኖች ነው፤ እነዚህ ከላይ የገለጽነው የስብ አጥር የላቸውም። ያልቆሰለ ደረቅ የክንድ ቆዳ ላይ ቢለቀለቅ ግን አብዛኛው ከላይ ደርቆ ይቀራል። በዚህ የተነሣ «ሊዶኬይን ሞክሬ አልረዳኝም» የምትል ሴት መድኃኒቱን ሳይሆን መልኩን ነው የሞከረችው። ይህ ልዩነት በቱቦው ላይ በትንሽ ፊደል ከመጻፉ በቀር የሚነግራት የለም።

የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ችግሩን በሁለት መንገድ ተወጥተውታል። የመጀመሪያው ሊዶኬይን ቤዝንና ፕሪሎኬይን የተባለውን ወንድሙን እኩል በእኩል ማቀላቀል ነው። ሊዶኬይን ብቻውን በ68፣ ፕሪሎኬይን ደግሞ በ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚቀልጡ ጠጣሮች ናቸው። ሁለቱ ሲደባለቁ ግን የመቅለጫቸው ነጥብ ከክፍል ሙቀት በታች ወርዶ ዘይት ይሆናሉ። ውሃም አልኮልም ሳይጨመርበት ጠጣር ከጠጣር ጋር ተቀላቅሎ ፈሳሽ ሲሆን ማየት በቤተ ሙከራ ከሚያስደንቁ ትዕይንቶች አንዱ ነው። ይህ ዘይት በክሬም ተዘጋጅቶ፣ ተቀብቶና ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ጤነኛ ቆዳን ያደነዝዛል። ሁለተኛው መንገድ ሊዶኬይን ቤዝ 5 በመቶ የያዘ ተለጣፊ ፕላስተር ነው። አሜሪካ ይህን ፕላስተር የፈቀደችው በ1999 ሲሆን፣ የተፈቀደለትም ሕመም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ «አልማዝ ባለጭራ» የሚባለው ሽፍታ ከጠፋ በኋላ ለወራት የሚቀረው የሚያቃጥል የነርቭ ሕመም ነው።

ስለ ፕላስተሩ አንድ ሂሳብ እንሥራ። አንዱ ፕላስተር 10 በ14 ሳንቲሜትር ሲሆን 700 ሚሊግራም ሊዶኬይን ይዟል። በአንድ ጊዜ ቢበዛ 3 ተለጥፈው ከ12 ሰዓት በኋላ ይነሣሉ፤ ቀጣዩ 12 ሰዓት ዕረፍት ነው። በጠቅላላው 2,100 ሚሊግራም ቆዳው ላይ አለ ማለት ነው። አንባቢ አይደንግጥ፤ ወደ ሰውነት የሚገባው ከመቶ 3 ያህሉ፣ ማለትም ወደ 63 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። አንድ የጥርስ ሐኪም መርፌ በ1.8 ሚሊሊትር ውስጥ 36 ሚሊግራም ይይዛል። እንግዲህ ግማሽ ቀን የተለጠፉ ሦስት ፕላስተሮች ከሁለት የጥርስ መርፌ ያነሰ መጠን ያስገባሉ። የቀረው በፕላስተሩ ውስጥ ነው፤ ያገለገለ ፕላስተርም ሕፃን ወይም ውሻ እንዳያገኘው ተጣጥፎ መጣል ያለበት ስለዚሁ ነው።

በደርከም በሽታ ላይ ምን ተገኘ?

ሊዶኬይን ለዚህ በሽታ መሞከር የጀመረው በፕላስተር አልነበረም። በ1970ዎቹ በጃፓን፣ በ1980ዎቹ ደግሞ በስዊድንና በዴንማርክ ሐኪሞች መድኃኒቱን ቀስ በቀስ በደም ሥር ሰጥተው ሕመሙ ከሰዓታት እስከ ሳምንታትና ወራት ድረስ እንደቀለለላቸው የነገሯቸውን ሕሙማን ሁኔታ ጽፈዋል። መድኃኒቱ ከደም ውስጥ ከጠፋ በኋላ ማስታገሱ ለምን እንደሚቀጥል አከራካሪ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ሊዶኬይን ግን የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል ያለ ልብ መከታተያ መሣሪያና ያለ ሠለጠነ ባለሙያ የሚደፈር አይደለም። በመርሳ ወይም በገጠር ሀብሩ ለምትኖር ሴት በየወሩ ለዚህ ሕክምና መመላለስ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ራሱ ያውቀዋል።

ከቆዳ ላይ የሚደረገው ሙከራ የመጣው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። በ1996 የጣልያን የቆዳ ሐኪሞች ከላይ የጠቀስነውን የሊዶኬይንና የፕሪሎኬይን ክሬም ለደርከም በሽታ ይጠቅም እንደሆነ የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጡ። በ2008 ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች በ5 በመቶው ፕላስተር ሕመሟ የቀለለላትን የአንዲት ሕመምተኛ ሁኔታ አቀረቡ።

ተማሪዎች እዚህ ላይ ቆም እንዲሉ እንፈልጋለን። የአንዲት ሕመምተኛ ታሪክ ማስረጃ ነው ወይስ አይደለም? ማስረጃ ነው፤ ግን በመሰላሉ ታችኛው ደረጃ ላይ የቆመ። ሕመም በራሱ ጊዜ ይነሣል፣ በራሱ ጊዜ ይበርዳል፤ ፕላስተር መለጠፍና በሐኪም መታመን ብቻውንም ያስታግሳል። ይህን ለመለየት መድኃኒት ያለውና የሌለው ተመሳሳይ ፕላስተር ለብዙ ሕሙማን በዕጣ ተከፋፍሎ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁት መነጻጸር ነበረበት። እምብዛም በማያጋጥም በሽታ ይህን ያህል ሕመምተኛ ማሰባሰብ ከባድ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ማስረጃው ደካማ ስለሆነ ብቻ ፕላስተሩን መናቅ አይገባም። የሚያስገባው መጠን አነስተኛ፣ ጉዳቱም በአብዛኛው የቆዳ መቅላት ነው፤ በአንጻሩ የሚታገለው ሕመም ዓመታትን የሚያስቆጥር ነው። ሊጠበቅበት የማይገባውን ግን በግልጽ መናገር ያሻል። ፕላስተሩ የሚደርሰው በቆዳውና ከሥሩ በቅርብ ባሉት የነርቭ ጫፎች ላይ ነው፤ ጉብታውን አያቀልጥም፣ በጥልቀት የተቀበረውንም ስብ አይነካም። በመነካት ለሚቀሰቀስና በጠባብ ቦታ ለተወሰነ ሕመም የተሻለ ተስፋ አለው፤ መላ አካል ለሚያማት ሴት ሦስት ፕላስተር የት የት ይበቃል?

መጠኑን ማብዛት መፍትሔ አለመሆኑን የሚያሳይ አሳዛኝ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የ22 እና የ25 ዓመት ሁለት ወጣት ሴቶች መሞታቸውን ጠቅሶ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። ሴቶቹ በሌዘር ጠጉር ለማስነሣት ሲሉ ሕመሙን ለማደንዘዝ ኃይለኛ ቅባት እግራቸውን በሙሉ ተቀቡ፤ መድኃኒቱ ይበልጥ እንዲሠራም በስስ ፕላስቲክ ጠቀለሉት። ሁለቱም ተንቀጥቅጠው ራሳቸውን ሳቱ፤ ከዚያም አልነቁም። ሰፊ ቦታ መቀባት፣ በፕላስቲክ መሸፈን፣ ማሞቅ፣ የተላጠ ወይም የቆሰለ ቆዳ፤ ከመቶ 3 ያልነውን ቁጥር ወደ ላይ የሚያስወነጭፉት እነዚህ ናቸው። «የሚቀባ ነገር አይጎዳም» የሚለው አባባል በየመንደሩ መነገሩን ያቆም ዘንድ እንመኛለን።

ወደ በርበሬው እንመለስ

በርበሬ ከሊዶኬይን ፍጹም ተቃራኒ በሆነ መንገድ ሕመምን ያስታግሳል፤ አስቀድሞ ያሳምማል። የሚለበልበው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በሳን ፍራንሲስኮ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ካፕሳይሲን በነርቭ ጫፍ ላይ የሚያርፍበትን በር ለይተው አገኙ። በሩ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀትም የሚከፈት ሆኖ ተገኘ። አንጎል ከዚያ በር የሚመጣውን መልእክት ሲቀበል እሳት ይሁን በርበሬ መለየት አይችልም። እንግዲህ አማርኛችን በርበሬን «ያቃጥላል» ማለቱ ከሳይንሱ ጋር ቃል በቃል ይገጥማል። ጁሊየስ ለዚህ ሥራው በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

የአእዋፍ ነርቭ ግን ይህ ንጥረ ነገር አይሰማውም። በግቢ የተሰጣውን በርበሬ ዶሮዎች ያለ አንዳች ችግር ሲለቅሙት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም የሚታረም ልማድ አለ፤ ስንግ ሲሠራ ፍሬው ነው የሚያቃጥለው ተብሎ ይራገፋል። ካፕሳይሲን የሚመረተው በፍሬው ሳይሆን ፍሬው በተጣበቀበት ነጭ ጅማት ውስጥ ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው ከእርሱ ስለሚነካካ ነው። በስብ እንጂ በውሃ ስለማይሟሟም የመርሳዋ በርበሬ ሻጭ እጇን በውሃ ከመታጠቧ በፊት ጥቂት ዘይት ብታሸው መለብለቡ ቶሎ ይለቃታል።

ካፕሳይሲን በብዛት ሲደርሰው ነርቩ መጀመሪያ ይጮኻል፤ ካልሲየም ከልክ በላይ ይገባበታል፤ ከዚያ የተጎዳው ጫፍ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ለሳምንታት መልእክት የሚልክ ጫፍ በቆዳው ውስጥ አይኖርም፤ ኋላ ተመልሶ ያድጋል። በዚህ መርሕ የተሠራው 8 በመቶ ካፕሳይሲን የያዘ ፕላስተር በ2009 በአሜሪካ የተፈቀደው አሁንም ለአልማዝ ባለጭራ ሕመም ነው። ባለሙያው ጓንት አድርጎ ይለጥፈዋል፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ያነሣዋል፤ ማስታገሱ እስከ 3 ወር ሊዘልቅ ይችላል። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ተራ የካፕሳይሲን ክሬም ከ0.025 እስከ 0.075 በመቶ ብቻ ስለሆነ በየቀኑ ደጋግሞ መቀባትን ይጠይቃል።

ይህን ያነበበ ሰው የተወቀጠ በርበሬ በቅቤ ለውሶ በሚያመው ቦታ ላይ እንዳያስር አጥብቀን እናሳስባለን። በርበሬ ውስጥ ያለው መጠን ከዛላ ዛላ ይለያያል፤ ቆዳን አቃጥሎ ያቆስላል፤ እጅ ሳይታሰብ ዓይን ይነካል። ከዚህም በላይ፣ በመነካት ብቻ ለምትሠቃይ የደርከም ሕመምተኛ አስቀድሞ የሚያሳምም መድኃኒት ከሊዶኬይን ቀድሞ የሚመረጥበት ምክንያት አይታየንም።

በመደርደሪያው ላይ ያለው

በአካባቢያችን መድኃኒት ቤቶች ዘወትር የሚገኙት የዲክሎፌናክ ጄልና የሚያሞቁ ቅባቶች ናቸው። ዲክሎፌናክ ብግነት የሚያመጡ ኬሚካሎች እንዳይመረቱ ስለሚያግድ ለወለምታና ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ይረዳል፤ የደርከም ሕመም ግን በዋናነት ከብግነት የመጣ ስለመሆኑ ማስረጃው ስለሚያንስ ብዙ ባይጠበቅበት ይሻላል። የሚያሞቁትና የሚያቀዘቅዙት ቅባቶች የሙቀትና የቅዝቃዜ በሮችን እየቀሰቀሱ የሕመሙን መልእክት ለጥቂት ጊዜ ይሸፍናሉ። የሊዶኬይን ፕላስተርና ክሬም እንደ ልብ አይገኙም። የመድኃኒት እጥረት ደግሞ ለዚህ አካባቢ ከመጽሐፍ የተማረው ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወልድያ ለወራት በጦርነት ውስጥ በቆየችበት ጊዜ ሆስፒታሏ ተዘርፎ ሕሙማን ያለ መድኃኒት ቀርተዋል።

ያም ሆኖ የሚያም የስብ ጉብታ ያላት እናት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ያለችው አንባቢ ሊያደርግላት የሚችለው ነገር አለ። ሕመሙ ከጀመረ ስንት ወር እንደሆነው፣ ጉብታዎቹ የት የት እንዳሉ፣ በምን እንደሚባባስና ሌሊት ያስተኛት እንደሆነ በወረቀት ላይ ይጻፍላት። ከጤና ጣቢያ ወደ ወልድያ ሆስፒታል፣ የቆዳ ባለሙያ ካስፈለገም ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌንና የቆዳ በሽታን በማከም ወደሚታወቀው ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስትላክ ያ ወረቀት ከእርሷ ጋር ይሂድ። እስካሁን የተቀባቻቸውን ቱቦዎችም ባዶ ቢሆኑ እንኳ በፌስታል ሰብስባ ትያዛቸው። ሐኪሙ «ሊዶኬይን ተጠቅመሻል?» ብሎ ሲጠይቃት ከቱቦው ላይ «ሃይድሮክሎራይድ» የሚለውን ቃል ራሱ ያነብበዋል።